አሥራ አራት ቁጥር ገብታለች

ሰሌዳው በላውንደሪው የኋላ በር ገባ እንዳሉ በግራ በኩል ግድግዳው ላይ ነው። ለሁለት የተከፈለ ጣውላ ሲሆን፣ በአንደኛው ወገን «ያልገባ»፣ በሌላው ወገን «የገባ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ከየምስማሩ ቁጥር የተቀረጸበት ክብ ናስ ይንጠለጠላል። ሠራተኛው ጠዋት ሲደርስ ናሱን ካልገቡት ወገን አንሥቶ ወደ ገቡት ያሻግራል፤ ማታ ሲወጣ ይመልሳል። ሟቹ የድርጅቱ መሥራች ጣውላውን ራሳቸው ልገው፣ ምስማሩን ራሳቸው መትተው የሠሩት ስለሆነ፣ ቀለሙ ቢላላጥም ማንም ደፍሮ አላደሰውም።

ማሽኖቹ ማጉረምረም ሲጀምሩና እንፋሎቱ ኮሪደሩን ሲሞላው፣ ደመወዝ ከፋይዋ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ከላይኛው ቢሮዋ ትወርዳለች። «እትዬ ፊርማ» ይሏታል። ሳይፈርም ከእጇ ገንዘብ የተቀበለ ሰው የለምና ነው። አንድ ጊዜ የራሷ ባል የረሳችውን ምሳ ከቤት አምጥቶላት «ልፈርም ወይስ እንዲሁ ትቀበይኛለሽ?» ብሏት፣ ቀልዱ ግቢውን ዞሮ ስሟ ሆኖ ቀረ።

በዚያ ማክሰኞ ጠዋትም ወረደች። አሥራ ሁለት ገብቷል፤ አሥራ ሦስት ገብቷል፤ አሥራ አራት ገብታለች። እዚህ ላይ ስትደርስ ዓይኗ እንደ ልማዱ ሳይቆም አለፈ። የአሥራ አራት ቁጥር ባለቤት፣ ከቅጥነቷ የተነሣ «ክር» የሚሏት ልብስ ተኳሽ፣ በዚያ ሰዓት ላውንደሪው ውስጥ አልነበረችም። ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ደሟ በአንዱ ቱቦ እየወጣ፣ በማሽን እየታጠበ፣ በሌላው እየተመለሰ። ማክሰኞና ዓርብ ኩላሊቷ ያቃተውን ሥራ ማሽን ይሠራላታል። ናሷን ያሻገረላት የሌላ ሰው እጅ ነው።

እትዬ ፊርማ ይህን ታውቃለች። ተኳሾቹም እንደምታውቅ ያውቃሉ። በቃል ግን ተነግሮ አያውቅም። ስድስቱ ሴቶች በእነዚያ ሁለት ቀናት የክርን ድርሻ አንሶላ ተከፋፍለው ይተኩሳሉ፤ ከትልቁ ሆቴል የሚመጣው ቁልል ማታ ላይ ተጣጥፎ ያልቃል፤ በወሩ መጨረሻ ክር እንደ ሌሎቹ ፈርማ ሙሉ ደመወዟን ትወስዳለች። ዋናው ነገር ግን ደመወዙ አልነበረም። ስሟ ከደመወዙ ዝርዝር ላይ እስካለ ድረስ የድርጅቱ የጤና መድን የእጥበቱን ወጪ ይሸፍናል። ስሟ የወጣ ዕለት ያ ማሽን ይቆማል ማለት ነው።

ሰው ደመወዝ የሚከፈለው ለምኑ ነው? ለጊዜው ከሆነ ክር ሁለት ቀን ታጎድላለች። ለሥራው ከሆነ ግን ሥራው አልጎደለም። እትዬ ፊርማ ይህን ጥያቄ በየማክሰኞውና በየዓርቡ ከሰሌዳው ፊት ቆማ ታነሣውና መልሱን ሳታገኝ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ መልሳ ትወጣለች። አንዳንድ ጥያቄ የሚኖረው እስካልተመለሰ ድረስ ነው። ከዓመት በላይ እንዲህ ኖረች።

የዚያን ዕለት የድርጅቱ ባለቤት አስጠራት።

የመሥራቹ ልጅ ነው። ሱሪው እየወለቀ በቅርጫት ውስጥ ሲንከባለል ታውቀዋለች። አባቱ ከሞቱ ማግሥት ጀምሮ ግን «እርስዎ» ትለዋለች፤ እሱም አልከለከላትም። እሱ በበኩሉ ከልጅነቱ የጀመረውን «እትዬ»ና «አንቺ» ሳይለውጥ ቀጠለ።

«እትዬ፣ ነይማ ቁጭ በይ። ሆቴሉ ነገር አመጣ።»

«አንሶላ ጎደለ?»

«አንሶላ ቢጎድል በስንት ጣዕሙ! ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ለማን ምን ተከፈለ የሚለውን በኮምፒውተር የማያሳይ ድርጅት ከእንግዲህ ልብሳችንን አያጥብም አሉ። ይህን ያሉት ለሁሉም አቅራቢ ነው፣ ለእኛ ብቻ አይደለም።»

«ሰሌዳው አለ አይደል እንዴ?»

«ሰሌዳውን ነቅዬ ልላክላቸው?» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ሰበሰበ። «ሆቴሉ ከሄደ ግማሹን ማሽን አጠፋለሁ፤ ታውቂዋለሽ። ሁለት የደመወዝ ሶፍትዌር ሻጮች አግኝቻለሁ። አንዱ ዛሬ ይመጣል፣ አንዷ በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ። በማግሥቱ ሐሙስ ጠዋት አንቺ የመረጥሽው ላይ እፈርማለሁ።»

«እኔ የመረጥኩት?»

«ታዲያ ማን ሊመርጥ ነው? ስንት ሠራተኛ እንዳለኝ እንኳ አንቺን ጠይቄ አይደል የማውቀው?»

ይህን ሲላት ልቧ ሞቅ ሊለው ይገባ ነበር። ይልቁንስ አሥራ አራት ቁጥር ትዝ አለቻት።

የመጀመሪያው ሻጭ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጫማው ያብረቀርቃል፤ እርጥቡን ወለል እየዘለለ በጣቱ ጫፍ ነው የሚራመደው። ላፕቶፑን የባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና ወደ እሷ ዞረ።

«ማዘር፣ ስልክዎን ይስጡኝማ።»

«አልወለድኩህም። እትዬ በለኝ።»

«እሺ፣ እትዬ ማዘር።»

ባለቤቱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሻጩ አልተደናገጠም፤ እንዲህ ዓይነት ቤት ብዙ የገባ ሰው ነው።

«ይኸውልዎ፣ ሠራተኛው በር ላይ ሲደርስ ይቺን ይጫናል፤ ‹ገብቻለሁ›። ፎቶ ታነሣዋለች። ፊቱ የራሱ ካልሆነ አትቀበልም። ፈቃድ ሲያስፈልገው ራሱ ይጠይቃል፤ ደመወዙን ራሱ ያያል፤ ምን እንደተቆረጠበት ራሱ ያነባል። መሃል ላይ ማንም የለም።»

«መሃል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ» አለች።

«እርስዎማ ያርፋሉ!»

«አንዳንድ ቀን ፊቱን ያላሳየ ሠራተኛስ?»

«ቀይ ይሆናል። በወር ውስጥ ቀዩ ከበዛ ሲስተሙ ራሱ ከዝርዝሩ ያወጣውና ለእርስዎ አንዲት መልእክት ይልክልዎታል።»

«ራሱ?»

«ራሱ! ሰው ሰውን ሲያሰናብት ይከብደዋል፤ እንቅልፍ ያጣል። ይሄ ምንም አይከብደውም።»

ይህን ያለው ከልቡ፣ መልካም ነገር እንደሚያበስር ሰው ፈገግ ብሎ ነበር። እትዬ ፊርማ ከላፕቶፑ ራቅ አለች። ባለቤቱ ግን ዓይኑ በርቷል፤ በላፕቶፑ ማያ ገጽ ላይ የሚሽከረከሩትን አረንጓዴና ቀይ ክቦች በጣቱ እየነካ «አየሽ እትዬ? ከቤቴ ሆኜ ላየው እኮ ነው» ይላታል። ሻጩ እስከ ውሳኔው ቀን ድረስ በነጻ እንዲሞክሩት ከፈተላቸው። ፊት የሚለየው ክፍል ውሉ ሲፈረም ይጨመራል፤ ለጊዜው ሠራተኛው በስልክ ቁጥሩ ተመዝግቦ «ገብቻለሁ»ን ቢጫን ይበቃል።

ዓርብ ዕለት ረፋዱ ላይ ባለቤቱ ስልኩን ከፊቱ ዘርግቶ ወደ ቢሮዋ ገባ። ሻጩ በዚያው ስልክ መስመር ላይ ሆኖ ይስቃል።

«እትዬ ማዘር! እዚያ ቤት ተአምር አለ። አንዲት ሴትዮ ዛሬ ጠዋት ሰባት ጊዜ ገባች። አንድም ጊዜ ግን አልወጣችም!»

ባለቤቱ አልሳቀም። ስልኩን ዘጋና ማያ ገጹን አሳያት። የካውያ ክፍሉ ሰባት ሴቶች ሁሉ በአንድ ስልክ ቁጥር ተመዝግበዋል፤ ሲስተሙም ሰባቱን አንድ ሰው አድርጎ፣ በአንጋፋዋ ተኳሽ በእማማ ካውያ ስም ጠቅልሏቸዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

የእትዬ ፊርማ ቀልብ ተገፈፈ። ዓርብ ነው። «ገብቻለሁ» ሰባት ጊዜ ከተነካ፣ አንዱ የክር ነው።

«ስልክ የላቸውም» አለች፤ ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታዝዘው ነው። «የእማማ ካውያን ስልክ ሰጥተው ይሆናል።»

«ስልክ የላቸውም? ትናንት ምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ሁሉም ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ነበር እኮ።»

«የሚያወራ ስልክ እንጂ፣ ይሄን የሚችል...»

«እሺ» አለ። «አስተካክያቸው። ሐሙስ ሩቅ አይደለም።»

በሩ ሲዘጋ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ቀረች። በዚህ ቤት ዕድሜዋን ስትሠራ ዝም ያለችበት ነገር ሞልቷል፤ የዋሸችበት ግን አልነበረም። ዝምታና ውሸት ጎረቤታሞች እንደሆኑ ታውቅ ነበር። አጥሩ ይህን ያህል ዝቅተኛ መሆኑን ግን ገና ዛሬ አየችው።

ሰኞ ጠዋት ካውያ ክፍል ወረደች። ረዥም ክፍል ነው፤ መስኮቶቹ ከእንፋሎቱ የተነሣ ሁልጊዜ ያለቀሱ ይመስላሉ። ሰባት ጠረጴዛ በአንድ ረድፍ፣ ከጣሪያ በገመድ የወረዱ ሰባት ካውያዎች። በመጀመሪያው ጠረጴዛ እማማ ካውያ፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው በትንንሽ የቃጠሎ ጠባሳ የተዥጎረጎረ። በመጨረሻው፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ክር። ሰኞ ናትና መጥታለች፤ የትራስ ልብስ ትተኩሳለች፤ አንሶላው ስለሚከብዳት ሌሎቹ አይሰጧትም።

«እማማ፣ ምን አደረጋችሁ?»

«ምን አደረግን? ስልክ ስጡ አላችሁ፤ ስልክ ሰጠን።»

«ለሰባት ሰው አንድ ስልክ?»

«ናሱን ሰባቴ የማሻግረው እኔ አይደለሁም? ይሄንንም ሰባቴ ነካሁት። ጣቴ አልተቆረጠ!» አሉና ካውያውን ፉሽ አሰኙት። «ሰሌዳው በስልክ ሆነ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ሰሌዳ ሰሌዳ ነው ብዬ እንደ ሰሌዳ ሠራሁበት። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

ጥፋታቸው በእርግጥ አልነበረም። በዚህ ክፍል ሰው ለብቻው ገብቶ ለብቻው ወጥቶ አያውቅም። ቀድማ የደረሰችው ለሁሉም ናስ ታሻግራለች፤ ቀድማ የጨረሰችው የጎረቤቷን ቁልል ትጎትታለች። ለየብቻ የሚቆጥር ነገር ሲመጣባቸው የሚያውቁትን አደረጉ።

«ከሐሙስ በኋላ ፊት ይጠይቃል» አለች እትዬ ፊርማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ካውያዎቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ ተነሡ።

«የማንን ፊት?»

«የእያንዳንዳችሁን። በየቀኑ።»

ከዚያ ከመስኮቱ አጠገብ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እንግዲህ እኔን አውጡኝ። እስከ ዛሬስ ማን ያደርገው ነበር? በእኔ ምክንያት እናንተ—»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ እማማ ካውያ ሳይዞሩ። «እዚያ ታጥበሽ እዚህ ትተኮሻለሽ፤ ገና ያልተለበስሽ አዲስ ልብስ ነሽ።»

ሳቅ ፈነዳ። ክርም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃሉ ላይ ተበጠሰና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እማማ ካውያ እትዬ ፊርማን በክንዷ ይዘው ወደ በሩ ወሰዷት።

«ስሟ ከወጣ መድኑ ይቆማል። መድኑ ከቆመ...» አልጨረሱትም።

«ለባለቤቱ ብንነግረውስ?»

«እዚህ ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረው አንሶላ አጣፊ የነገረው ለማን ሆነና! ወገቤን አመመኝ ብሎ እውነቱን ሄዶ ተናገረ። ምን ተደረገለት? እጁን ተጨበጠ፣ ተመሰገነ፣ ተሸኘ። ይኸው ዛሬ ቤቱ ቁጭ ብሎ እውነቱን ያሰላስላል።» ከዚያ አተኩረው አዩዋት። «የምትመርጪው አንቺ ነሽ አሉ።»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ምረጪ» አሉና ወደ ካውያቸው ተመለሱ። ያ «እንግዲህ» ከጫንቃዋ ላይ እስከ ሐሙስ ድረስ አልወረደም።

ሁለተኛዋ ሻጭ ረቡዕ መጣች። መነጽሯ በእንፋሎት ተሸፍኖባት በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች፣ ከባለቤቱ ቢሮ በፊት ሥራው የሚሠራበትን ማየት ፈለገች። ሶፍትዌሯ ለዓይን አይማርክም፤ ዋጋውም ከመጀመሪያው ይበልጣል።

«ለጫኝና አውራጆች ብለን የሠራነው ነው» አለች። «እነሱ ደመወዝ የሚያገኙት በቡድን ነው። አንድ መኪና ጭነት ካወረዱ የወረደው ጭነት ይቆጠራል እንጂ የማን ትከሻ ስንት እንደተሸከመ አይቆጠርም። እያንዳንዱ መምጣት አለመምጣቱን በስልኩ ይመዘግባል፤ ግን ሒሳቡ የቡድኑ ነው። ድርሻውን አባላቱ ራሳቸው ያጸድቃሉ።»

«አንዱ ቢታመምስ?»

«ሌሎቹ ከሸፈኑለት፣ ድርሻው ይቀጥላል። ሁሉም በየስልካቸው ከተስማሙ ነው ታዲያ። አንዱ እንቢ ካለ አይሄድም።»

«ሆቴሉ ይህን ይቀበላል?»

«የሚፈልጉት ግልጽ መዝገብ ነው፤ ይሄ ደግሞ የመጣውንም ያልመጣውንም በግልጽ ያሳያል።» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «አንድ ነገር ግን አለ። የቡድን ውል ባለቤቱ ዐውቆ፣ ምክንያቱን ተረድቶ ካልፈቀደ አይከፈትም። በስውር የሚሠራ ነገር አይደለም።»

መውጫው ተገኘ፤ ግን በሩ የሚከፈተው ከባለቤቱ ቢሮ በኩል ብቻ ነበር።

ማታ እራት ላይ ባሏ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ እንጀራዋን ሳትነካ መቀመጧን አየና ምን እንደሆነች ጠየቃት።

«ሁለተኛውን ምረጪና ገላግዪን» አላት ሁሉን ከሰማ በኋላ። «አንድ ምክንያት ፍጠሪለት። ከሆቴሉ ጋር ይስማማል በዪው።»

«ምክንያት መፍጠር አላውቅበትም።»

«ዓርብ ዕለት ፈጥረሽ የለም እንዴ?»

ቀና ብላ አየችው። ቀልዶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ለመመለስ ሞከረ፣ አልተመለሰለትም።

«እውነቱን ብነግረውና ቢያወጣትስ?» አለች። «ገደልኳት ማለት እኮ ነው።»

«ባትነግሪውና ያ ቀዩ ነገር ቢያወጣትስ?»

«ያኔ የገደልኳት እኔ አልሆንም።»

«እንግዲያው ለምን ምግቡ አልወርድ አለሽ?»

ሐሙስ ጠዋት ወደ ባለቤቱ ቢሮ ስትወጣ፣ የመጀመሪያው ሻጭ ደረጃው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ውሉን በክላሰር ይዞ ተቀምጦ ነበር። «እትዬ ማዘር፣ ዛሬ እንኳን ደስ አለዎት ነው የምልዎት!» አላት። መልስ አልሰጠችውም።

ባለቤቱ እስክሪብቶውን ከፍቶ ጠበቃት።

«የትኛው?»

«ሁለተኛው።»

«ውዱ?» ቅንድቡ ተነሣ። «እትዬ፣ ቀልድሽን ተዪ። ምን አይተሽ ነው?»

ተናገረች። ቆማ ነበር የተናገረችው፤ ተቀመጪ ቢላትም አልተቀመጠችም። ከናሱ ጀመረች፤ ማክሰኞና ዓርብን፣ ሆስፒታሉን፣ መድኑን፣ የተከፋፈሉትን አንሶላዎች፣ ዓርብ ዕለት ስለ ስልኩ የዋሸችውን ሁሉ ነገረችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

«ከዓመት ያልፋል።»

«እና አንቺ...» አለና አቆመ። ፊቱ ዳምኖ፣ ዓይኑን ከእሷ አንሥቶ እስክሪብቶው ላይ አሳረፈ። እንደገና ሲጀምር ድምፁ የማታውቀው ሰው ድምፅ ነበር። «እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር ማለት ነው።»

ልጅ ሆኖ ጉልበቱ ሲደማ የጠረገችለት ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» አላት። «እትዬ»ም ቀረ። ክብር መስሎ የመጣ ነገር እንዲህ የሚያቆስል መሆኑን የደረሰበት ብቻ ያውቀዋል።

«ዐውቅ ነበር» አለች።

ተነሣና ወረደ። ተከተለችው። ሰሌዳው ጋ ሲደርስ አሥራ አራት ቁጥርን ከምስማሩ ነቅሎ በጡጫው ጨበጣትና ወደ ካውያ ክፍል ገባ። ተኳሾቹ ናሱን በእጁ ሲያዩ ካውያዎቻቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ እንፋሎቱ ብቻውን መጮህ ቀጠለ። ክር የትራስ ልብስ በእጇ እንደያዘች ቆመች፤ ከነጩ ጨርቅ ይልቅ ፊቷ ነጣ።

«ይሄን የሚሰቅለው ማን ነው?»

«እኔ» አሉ እማማ ካውያ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ታስወጣታለህ ብለን።»

«እኔ?» ድምፁ ከፍ አለ። «እኔ የታመመ ሰው የማስወጣ ሰው ነኝ?»

«አጣፊው መጥቶ ነገረህ እኮ፣ ልጄ።»

እትዬ ፊርማ የበሩን መቃን ያዘች። አሁን ክርን «ውጪ» ቢላት፣ ያስወጣኋት እኔ ነኝ ብላ አሰበች፤ በዚህ አፌ።

ባለቤቱ ክፍሉን በዓይኑ ዞረ። ጥግ ላይ ለሆቴሉ የተዘጋጀው የአንሶላ ቁልል እስከ ትከሻው ይደርሳል። ሄዶ የላይኛውን ገለጠ፣ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ፣ መልሶ አጠፈው፤ ሲያጥፈው አጣጠፉ ተበላሸ። እማማ ካውያ ከእጁ ወስደው አስተካከሉት።

«ሆቴሉ በዚህ ዓመት አንሶላ መልሶብን ያውቃል?» አለ ማንንም ሳያይ።

«አያውቅም» አለች እትዬ ፊርማ ከበሩ።

ርኅራኄ ይሁን፣ ስድስት ካውያ አንድ ላይ ቢቆምበት የሆቴሉን አንሶላ ማን ይተኩስለታል የሚል ስሌት ይሁን፣ ወይስ አጣፊው ትዝ ብሎት፣ ማንም አልለየውም፤ ምናልባት እሱም አልለየው። ወደ መጨረሻው ጠረጴዛ ሄዶ ናሱን ከክር ፊት አስቀመጠ።

«ከነገ ጀምሮ ስትመጪ ራስሽ ስቀዪው» አላት። «በማትመጪበት ቀን ይቅር። ሌላ ሰው አይንካው።»

ማንም ወዲያው አልገባውም። ክር ናሱን አላነሣችም፤ አየችው ብቻ። ባለቤቱ ወደ በሩ ሲመለስ እትዬ ፊርማ ፊት ትንሽ ቆመ።

«ደረጃው ሥር ያለውን ሻጭ ያሰናብቱልኝ። ሁለተኛዋን ይጥሯት፤ የቡድኑን ውል እፈርማለሁ።» ከዚያ ሳያያት ጨመረ። «ደመወዙን የሚያጸድቅ ግን ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይሆናል።»

«ይገባል» አለች። ሌላ ምን ትል ነበር? ከውስጧ አንድ ነገር ሲወልቅና አንድ ነገር ሲገጠም ተሰማት፤ የትኛው እንደሚያማት ግን መለየት አቃታት። ከኋላዋ መጀመሪያ አንድ ካውያ ወረደ፤ ከዚያ ሌሎቹ።

በወሩ መጨረሻ እትዬ ፊርማ ከፊት ለፊቱ በር ባለው ባንኮኒ ላይ ነበረች፤ የደንበኛ ልብስ እየተቀበለች የቁጥር ጨርቅ ትሰፋበታለች። ደመወዝ ቀን ሲሆን ከቢሮዋ በር ላይ የሚሰለፍ ሰው የለም፤ ቢሮዋም የሌላ ሰው ሆኗል። ዓርብ ነበር። ጠዋት በኋላ በር ስትገባ ሰሌዳው ጋ ቆመች። ሰሌዳው ይነቀል ተብሎ ነበር፤ እማማ ካውያ «እኔን ቀድማችሁ ንቀሉኝ» ብለው ቀረ።

አሥራ አራት ቁጥር «ያልገባ» ከሚለው ወገን ተንጠልጥላለች። ክር ሆስፒታል ናት፤ ናሷም እንዳልመጣች ይናገራል፤ ስሟ ግን ከዝርዝሩ አልወጣም። እትዬ ፊርማ ዓይኗን ሳታሳልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሯን ትክ ብላ አየቻት።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። በየክፍሉም የሌሎች ስልኮች ተከታትለው ሲያንጫርሩ ተሰማ። አውጥታ አየችው፤ ደመወዟ ገብቷል፤ ከሥሩም «ተቀብያለሁ» የሚል አለ። ጣቷ አየር ላይ ቆመ።

«እትዬ ፊርማ!» አሉ እማማ ካውያ ከክፍሉ በር ላይ አንገታቸውን አውጥተው። «ፈርሚ እንጂ! ሳይፈረም ገንዘብ የለም ስትይ አልነበረም እንዴ?»

ሴቶቹ ከውስጥ ሳቁ። እሷም ሳቀችና ተጫነችው።

ባለቤቱ ቁልፉን እያንቃጨለ በኋላ በር ገባ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ እንደለመደው በዝምታ ሊያልፋት ከጀመረ በኋላ ሰሌዳው ፊት ቀስ አለ። ዓይኗን ተከትሎ አሥራ አራት ቁጥርን አየ።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «አደሩ» ብሏታል፤ «እትዬ»ም ብሏታል። ሁለቱን አብራ ይዛ ወደ ባንኮኒዋ ሄደች።